የዲኤንኤ ዳታ የት ይቀመጥ? በምን ይተንተን? ጥያቄና መልስ

የሲኩዌንሲንግ ማሽን (ዲኤንኤ የሚያነብ መሣሪያ) ልትገዙ ያሰባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ የአንድ ሰው ጂኖም ስንት ቦታ ይይዛል?

የሰው ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው ዲኤንኤ፣ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው። ማሽኑ ግን እያንዳንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነባል፤ የተለመደው በአማካይ 30 ጊዜ ነው። ስለዚህ 90 ቢሊዮን ፊደል ይወጣል። ከእያንዳንዱ ፊደል ጋር ደግሞ ንባቡ ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገር የጥራት ምልክት አለ። ፋስትኪው የሚባለው ጥሬ ፋይል ተጨምቆ እንኳ ከ50 እስከ 100 ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል። ንባቦቹ ከማጣቀሻ ጂኖም (ለማወዳደሪያ ከሚያገለግል የታወቀ ጂኖም) ጋር ተሰልፈው የሚቀመጡበት ባም ፋይልም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጊዜያዊ ፋይሎች ሲጨመሩ፣ እኔ ሥራው እስኪያልቅ ለአንድ ናሙና ግማሽ ቴራባይት እመድባለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉንም እናስቀምጥ?

በፍጹም! ይህን ማሽኑ ሳይመጣ ወስኑ። ዲስኩ ከሞላ በኋላ የሚደረግ ስረዛ በጥድፊያ ነው፤ ስህተት የሚሠራው ያኔ ነው።

ጊዜያዊ ፋይሎች ይጥፉ። ባሙን ክራም ወደሚባለው ይበልጥ የተጨመቀ የፋይል ዓይነት ቀይሩት፤ ብዙ ጊዜ መጠኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ክራም ከፊደሎቹ የሚያስቀምጠው በዋናነት ከማጣቀሻው የሚለየውን ነው። ስለዚህ ያንኑ የማጣቀሻ ፋይል አብራችሁ ያዙ፤ እሱ ከጠፋ ክራሙን መክፈት ጭንቅ ነው። ያልተሰለፉ ንባቦችም ክራሙ ውስጥ እንዳሉ ሳታረጋግጡ ፋስትኪውን እንዳትነኩ።

አንዳንዱ ናሙና ፍሪዘር ውስጥ ተርፎ ይኖራል፤ ድጋሚ ማንበብ ይቻላል። ከታማሚ አንዴ የተወሰደ ትንሽ የዕጢ ቁራጭ ግን አይተካም። ሁለቱን እኩል አትዩአቸው።

ጥያቄ፦ ሬይድ አለን። ባክአፕ ለምን ያስፈልገናል?

ሬይድ ዳታን በብዙ ዲስኮች ላይ የሚያሰራጭ አሠራር ነው፤ አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል። በስህተት የተሰረዘን ፋይል ግን አይመልስም። እኔ በሠራሁበት አንድ ቦታ የሞተው ዲስክ ተተክቶ ዳታው እንደገና እየተገነባ ሳለ ሌላው ዲስክ ሞተ። ሁለተኛ ቅጂ አልነበረም። የወራት ሥራ ነበር የጠፋው፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ለረጅም ጊዜ ማግኔታዊ ቴፕ ጥሩ ነው፤ ኤልቲኦ 9 የሚባለው ዓይነት አንዱ ቴፕ ዳታው ሳይጨመቅ 18 ቴራባይት ይይዛል። ከገለበጣችሁ በኋላ በኤምዲ5 (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ቁጥር) አመሳክሩ። በየጊዜውም አንድ ፋይል ከባክአፑ አውጥታችሁ ክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለ ለማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ላፕቶፔ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነው ያለው። ይበቃል?

አይዞሽ፣ ለባክቴሪያ ብዙውን ሥራ ይሠራልሻል። የኢ. ኮላይ ጂኖም ወደ 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። የሰው አርኤንኤ ንባቦችን ስታር በሚባለው ፕሮግራም ለማሰለፍ ግን 30 ጊጋባይት ገደማ ሜሞሪ ያስፈልጋል። ትልልቅ ጂኖሞችን ከዜሮ መገጣጠም ከሆነ በመቶዎች ጊጋባይት ሊጠይቅ ይችላል። ማሽኑ ናኖፖር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጥሩ ጂፒዩ (ግራፊክስ ፕሮሰሰር) ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ክላውድ ወይስ የራሳችን ሰርቨር?

መጀመሪያ የኢንተርኔት መስመራችሁን ፍጥነት ለኩ። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ሙሉ አቅሙን ቢሰጥ እንኳ 10 ቴራባይት ለመላክ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ብዙዎቹ የክላውድ አቅራቢዎች ዳታውን ስታወጡ ያስከፍላሉ፤ ይህን ሳያሰሉ የሚገቡ ብዙ ናቸው። ሥራችሁ አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ክላውድ ያዋጣል። ማሽኑ በየሳምንቱ የሚሮጥ ከሆነ ግን የራስን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሚንከባከበው ሰው ካለ ማለቴ ነው። የሰው ዳታ ከሆነ ከአገር መውጣት መፈቀዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የፋይሉ ስም ላይ የታማሚውን ስም ብንጽፍስ?

አይሆንም። ኮድ ስጡት፤ ኮዱን ከስሙ የሚያገናኘው ሰንጠረዥ ሌላ ቦታ ተመስጥሮ ይቀመጥ። ስሙ ከፋይሉ ቢነሳም ዲኤንኤው ራሱ ባለቤቱን ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ማን እንደሚከፍት ገድቡ፤ ማን መቼ እንደከፈተውም ይመዝገብ።