ሶኬቱ ይግላል፣ መኪናው ይታማል

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂው ከቻይና የገባ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ቻርጅ ሲሰካው ደህና ይጀምርና ከ40 ደቂቃ በኋላ ያቋርጣል፤ ቀን ይብሳል፣ ሌሊት ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ቻርጀሩ ቀይ እያበራ እምቢ ብሎ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ሶኬቱ ውስጥ «የሆነ ነገር አስተካክሎ» ሄደ። ከዚራ ሰፈር ያለው ታላቅ ወንድሙ፣ ገንዘብ የማይቸግረው ሰው፣ ይህን አይቶ «እኔ ከናፍጣዬ አልላቀቅም» አለ። ባትሪው ይሆን?

አቦ፣ ባትሪውን ተወው። ጀምሮ፣ ግሎ ማቋረጥ፣ ሲበርድ መመለስ የሶኬት በሽታ ነው። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሮች መሰኪያቸው ውስጥ የሙቀት መለኪያ አለ፤ ሲግል ያቋርጣሉ። እኔን ያሰጋኝ ያ «የተስተካከለው» ነገር ነው። ቀዩ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ፣ የለም ማለት ነው። እሱን ዝም ለማሰኘት አንዳንዱ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) እና ግራውንዱን በአጭር ሽቦ ያገናኛል። ቻርጀሩ ይታለላል። ኒውትራሉ አንድ ቀን የተበጠሰ እንደሆነ ግን 220 ቮልቱ በዚያች ሽቦ ተሻግሮ የመኪናው አካል ላይ ይወጣል፤ በሩን የሚነካ ልጅ ይይዘዋል። ያቺ ሽቦ ካለች ዛሬውኑ ትውጣ።

ቻርጀሩን ንቀል፣ ብሬከሩን አውርድ፣ በቴስተር አረጋግጥ፣ ከዚያ ሶኬቱን ክፈት። የምጠብቀው ይህን ነው፦ አንደኛው ብሎን ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል፣ የሽቦው ጫፍ ጠቁሯል፣ ከኋላ ደግሞ አሉሚኒየምና መዳብ ተጠማዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። መሰኪያው የቻይና ሦስት ጠፍጣፋ እግር ከሆነ መሃል ላይ አዳፕተር ይኖራል። ያን አዳፕተር ጣለው። ምላሱ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ብዙው ግራውንዱን እንኳ አያሳልፍም።

ሰው ሁሉ «ምጣድ የሚችል ሶኬት መኪና እንዴት ያቅተዋል?» ይላል። ምጣድ እንጀራው እስኪያልቅ ነው፣ ከዚያ ሶኬቱ ያርፋል። መኪናው 16 አምፔሩን ስምንትና አሥር ሰዓት ሳያርፍ ይስባል። አንድ የላላ ብሎን 0.1 ኦም ብቻ (ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው) ቢቋቋም፣ 16 ሲባዛ በ16፣ ሲባዛ በ0.1፣ 25 ዋት ተኩል ይሆናል። ይህ ሬዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡባት ብረት ማለት ነው፤ እሷን ግድግዳ ውስጥ ዘግተህ እያሳደርክ ነው። ሲግል የሶኬቱ ምላስ ይለሰልሳል፣ መያዣው ይላላል፣ መዳቡ ይጠቁራል፣ ኦሙ ይጨምራል፣ ግለቱ ይብሳል። የድሬ ግድግዳ ደግሞ ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ ነው የሚነሳው፤ ሌሊት የሚሻለውም ለዚሁ ነው። አምፔሩን ወደ 8 ብታወርደው ሙቀቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ ወደ ሩብ ነው፦ 6.4 ዋት። ስለዚህ ያቺ ሽቦ ሳትኖር ቻርጀሩ እምቢ ካላለ፣ ጥገናው እስኪያልቅ መኪናው ወይም ቻርጀሩ ላይ 8 አምፔር አድርገው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሌሊቱ ይበቃዋል።

ጥገናው እንዲህ ነው። ከብሬከር ሳጥን እስከ ጋራዥ ለብቻው ባለ 6 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ገመድ፣ መሃል ላይ ምንም መቀጠያ ሳይኖረው። 30 ሜትር ላይ 2.5 ካሬ በ16 አምፔር ወደ 7 ቮልት ይበላል፣ 6 ካሬ ከ3 በታች። ብሬከሩ 20 አምፔር፣ ከሱ ጋር ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር፣ «ታይፕ ኤ» የሚባለው። ሶኬቱ የመሰኪያው ልክ የሆነ፣ ባለ 16 አምፔር የቻይና ሶኬት ይሁን፤ መኪና አስመጪዎቹ ጋ ጠይቅ። የ10 አምፔሩ መልኩ አንድ ነው፣ ቀዳዳው ግን ይጠብባል። ገበያ ላይ «16 አምፔር» ተጽፎበት እንደ ብስኩት የሚቀል ሶኬት አለ፤ በእጅህ መዝነው፣ ቀሊሉን መልስ። የመሰኪያው እግር ከተበላ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው፣ ይቀየር።

ግራውንዱ የብቻው ወሬ ነው። የድሬ አሸዋ ደረቅ ስለሆነ አንድ አጭር ዘንግ አይበቃም። 1.5 ሜትር የሆኑ ሁለት ዘንጎች፣ በመካከላቸው 3 ሜትር፣ የቧንቧው ውኃ በሚወርድበት እርጥብ ቦታ ትከል። ጨርሰህ ስትለካ ፌዝ (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት ሽቦ) እና ግራውንድ 220 ቮልት አካባቢ፣ ኒውትራልና ግራውንድ ጥቂት ቮልት ብቻ። አሁንም ቀይ ካበራ ዘንግ ጨምር። ኒውትራልን ከግራውንድ ሶኬቱ ውስጥ አታገናኝ።

ታላቅ ወንድምህን በተመለከተ፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ ያለውን አጥብቆ መያዙ አይገርምም። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ከፈራ፣ 1,800 ኪሎ መኪና በየ100 ሜትር ሽቅብ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ቁልቁል ከፊሉን ይመልሳል። ይልቅ የሚያስፈራው የቤቱ ሽቦ ነው። የከዚራ አሮጌ ቪላዎች ብዙ ጊዜ ግራውንድ የላቸውም፤ መኪናውን ሳይሆን መስመሩን አስቀድሞ ይዘርጋ።

አዲሱን ሶኬት አንድ ሰዓት አስሠርተህ ሽፋኑን በመዳፍህ ንካ። ለብ ካለ ደህና፣ እጅህን ካቃጠለ አቁም። ከሳምንት በኋላ ብሬከሩን አውርደህ ብሎኖቹን ደግመህ አጥብቅ፤ አዲስ መዳብ ይረግባል።