ቡና የሚጠብቁ ሴቶችን መሳል ያሳፍራል?

በቀደም አንዲት የሥዕል ተማሪ መጥታ፣ «ጋሼ፣ መምህሬ ሥራዬን አይቶ ‹ይሄ ለቱሪስት የሚሸጥ ነው፤ ከበድ ያለ ርዕስ ፈልጊ› አለኝ። ልተወው?» አለችኝ። ሥዕሏ ላይ ጎረቤቶቿ ደጅ ቁጭ ብለው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

እኛ በተማርንበት ዘመን ከበድ ያለ ርዕስ ማለት ክንዱን ያነሣ ላብ አደር ነበር። የቀረው «የንዑስ ከበርቴ» ይባላል። አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቡና ትቆላለች። ጭሱ ዓይኗን ሲያቃጥላት አንገቷን ዘወር ታደርጋለች፤ እጇ ግን መቁላቱን አያቆምም። እሷን መሳል እንዴት እንደሚያምረኝ! ማን ይፈቅድልኛል? ዘመኑ ሲለወጥ እሷ በሕይወት የለችም። ዛሬ ያለን ፎቶዋ ቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ነው፤ እሱንም ማኅተሙ ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ሚላኖ ሄጄ ብሬራ ሙዚየም ገባሁ። ሰው ሁሉ ወደ ጥንቶቹ ታላላቅ ሠዓልያን፣ ወደ ማንቴኛና ወደ ራፋኤል ይጣደፋል። እኔ የጣሊያናዊው ሠዓሊ የሲልቬስትሮ ሌጋ «ኢል ፔርጎላቶ» («የሐረግ ዳሱ» ማለት ነው) ፊት ተገትሬ ቀረሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 የተሳለ ነው፤ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሴቶች ከነአንዲት ትንሽ ልጅ በሐረግ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ሠራተኛዋ በትሪ ቡና ይዛ እየመጣች ነው። በቃ፣ ሌላ ታሪክ የለውም። ግን ፀሐይዋ በቅጠሉ መሃል ሾልካ ወለሉ ላይ ተቆራርጣ ወድቃለች። የከሰዓቱ ሙቀት ይሰማችኋል። ቡናው እስኪደርስ ጨዋታው ቀዝቀዝ ማለቱም ያስታውቃል። አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ጥበቃው ሁለቴ ዞሮ አየኝ።

ሌጋ ከጓዳ ያልወጣ ሰው እንዳይመስላችሁ። በ1848 በፈቃዱ ዘምቶ ከኦስትሪያ ጋር ተዋግቷል፤ ወታደርም ሥሏል። ጦርነት ያየ ሰው ነው እንግዲህ ቡና የሚጠብቁ ሴቶችን የመረጠው። «ኢል ፔርጎላቶ»ን በሳለበት ዘመን ከፍሎረንስ ወጣ ባለችው ፒያጀንቲና፣ አትክልትና ማሳ መሃል ይሥል ነበር። ፍሎረንስ በ1865 የጣሊያን ዋና ከተማ ሆነች፤ ከተማው ሰፋ፣ ማሳውም በሕንፃ ተዋጠ። እሱም በስተመጨረሻ ዓይኑ ታሞ ማየት አቃተው። እሱና ጓደኞቹ ካፌ ሚኬላንጆሎ እየተሰበሰቡ ነበር የሚከራከሩት። «ማኪያዮሊ» (ጠብታ ቀቢዎች እንደማለት ነው) የሚለውን ስም በ1862 አንድ ጋዜጣ ሊያሾፍባቸው ነው የለጠፈባቸው፤ እነሱም ተሸክመውት ኖሩ።

መምህሯም ግን ጨርሶ አልተሳሳተም። በዚያው ዘመን ሮም ውስጥ ለውጭ አገር ገዢ ብለው ያጌጠች ባላገር የሚስሉ በሽ ነበሩ። እነዚያ አይጥሙኝም። ሌላው ጣሊያናዊ ሠዓሊ አንጄሎ ሞርቤሊ ግን በ1895 የሩዝ ማሳ ላይ የሚያርሙ ሴቶችን ሲስል፣ ጎንበስ ያለ ጀርባቸውን ነው ያሳየን። ርዕሱ «ለሰማንያ ሳንቲም!» ነው፤ የቀን ሥራቸው ዋጋ መሆኑ ነው። እኔም ልጅቷን፣ «ጎመኑን ስንት ገዙት?» አልኳት። አታውቅም። «ሂጂ ጠይቂያቸው» አልኩና ላክኋት።

የዛሬ ልጆች እዚህ ላይ ነው የምታናድዱኝ። ስልክ አውጥታችሁ ቀጭ ታደርጉና ሰውየው ሳያስነጥስ ትሄዳላችሁ! ከዚያ ቤት ገብታችሁ ፎቶውን መገልበጥ ነው። እርግጥ ማኪያዮሊዎቹም ብርሃንና ጥላውን ለመለየት በጥቁር መስታወት ያዩ ነበር። ፎቶግራፍም አልጠሉም። እና ስልኩን ጣሉት አልልም፤ እኔም አለኝ። ግን እባካችሁ፣ አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ እንኳ አብራችሁ ቁጭ በሉ።

ሸራ ተወደደ የምትሉኝም አላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ዋጋው አይቀመስም። ከማኪያዮሊዎቹ አንዱ ጆቫኒ ፋቶሪ ግን በ1866 ሊቮርኖ ባሕር ዳር ጥላ ሥር የተቀመጡትን ወይዛዝርት የሳለው 12 በ35 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ ነው። ከእነሱ መሃል የሲጋራ ሳጥን ክዳን ላይ የሚስሉም ነበሩ። ፍሎረንስ የሚሄድ ካለ የፋቶሪን ጣውላ ፒቲ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያገኘዋል። መነጽሩን ይዞ ይሂድ።