የሕግ ምክር፦ «ወንድሜ በ4 ግራም ሐሺሽ ከስዊዘርላንድ ይባረራል?»

ጥያቄ፦ «ከታናሽ ወንድሜ ጋር በስዊዘርላንድ ቢል ከተማ እኖራለሁ። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፣ ቢ ፈቃድ (በየጊዜው የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ) አለው፣ ሥራው በመኪና ዕቃ ማድረስ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሐይቁ ዳር ሐሺሽ ሲያጨስ ፖሊስ ደረሰበት። ኪሱ ውስጥ ወደ 4 ግራም ተገኘ። ደንግጦ ‹ማታ ማታ አጨሳለሁ፣ ለጓደኞቼም እሰጣለሁ› ብሏቸዋል። የ100 ፍራንክ የቅጣት ትኬት ሰጡት፤ አልከፈለም። አሁን ደግሞ ከፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ ውሰድ የሚል ማስታወቂያ መጥቷል። ፈርቶ አልሄደም። እንቅልፍ እምቢ ስላለው ነው የሚያጨሰው። ይባረራል ወይ? ኪዮስክ የሚሸጠውን ሲቢዲ የሚባለውን የማያሰክር ካናቢስ ቢያጨስስ? በቢል ፋርማሲ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል ሲባልም ሰምቻለሁ።»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ወንድምዎን ፖስታ ቤት ይላኩት። ዛሬውኑ ይሂድ።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በስዊዘርላንድ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የአደራ ደብዳቤ ማስታወቂያ ከተተወ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ካልተወሰደ፣ ሰውየው ደብዳቤ እንደሚመጣበት መገመት የሚችል ከሆነ፣ እንደ ደረሰው ይቆጠራል። ፖሊስ አስቁሞት፣ ትኬት ተቀብሎ፣ ሳይከፍል የቀረ ሰው «ምንም አልጠበቅሁም ነበር» ብሎ ማሳመን ይከብደዋል። ደብዳቤውን አለመውሰድ ጊዜውን አያቆመውም። እሱ እየፈራ ቀኑ ይሄዳል።

ከሁኔታው እንደምገምተው ደብዳቤው የዐቃቤ ሕግ የቅጣት ትእዛዝ ነው። በጀርመንኛ ሽትራፍበፌል፣ በፈረንሳይኛ ኦርዶናንስ ፔናል ይሉታል። ቢል ሁለት ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ስለሆነች በአንዱ ሊመጣ ይችላል። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ፣ ዳኛ ሳያዩ፣ ዐቃቤ ሕጉ ቅጣቱን ጽፎ ይልካል። ብዙ ወገኖቻችን «ገና ክስ ነው፣ ፍርድ ቤት ስጠራ እናገራለሁ» ብለው ይጠብቃሉ። ማንም አይጠራቸውም። ተቃውሞ በ10 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ትእዛዙ የጸና ፍርድ ይሆናል።

ተቃውሞው ቀላል ነው። በወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ በአሥረኛው ቀን ቢዘገይ ለስዊስ ፖስታ ቤት መሰጠት አለበት። ተራ ኢሜይል አይበቃም። ተከሳሹ ምክንያት እንዲጽፍም አይገደድም። የመዝገቡን ቁጥር ጠቅሶ «ይህን ትእዛዝ እቃወማለሁ» የሚል አንድ መስመር በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይበቃል። በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ተቃውሞውን ማንሳት ይችላል። ደብዳቤው ምን እንደሚል ካልገባችሁና ቀኑ ካጠረ፣ መጀመሪያ ተቃውሞውን አስገቡ፣ ከዚያ ሰው አማክሩ።

ደብዳቤውን ሲከፍቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕጉን አንቀጽ ይፈልጉ። አንቀጽ 19ኤ ከሆነ ጉዳዩ መጠቀም ብቻ ነው፤ ቅጣቱም መቀጮ ነው። ፊደል የሌለው አንቀጽ 19 ከሆነ ግን መሸጥ፣ ማስተላለፍ፣ ማስገባት የመሳሰለው ወንጀል ነው። ይህ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም በገንዘብ የሚያስቀጣ ነው፤ በወንጀል መዝገብም ይገባል። 19 ብቻ ካዩ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። በዚያው ቀን ጠበቃ ፈልጉ።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል? በስዊዘርላንድ ካናቢስ፣ ሐሺሽም ጭምር፣ አሁንም ክልክል ነው። ሕጉ የ1951 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የተከለከለው 1 በመቶና ከዚያ በላይ ቲኤችሲ ያለው ነው። ቲኤችሲ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ነው። ከ2013 ጥቅምት ወር ጀምሮ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሲያጨስ ቢያዝ 100 ፍራንክ በትኬት ይቀጣል። በ30 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ነገሩ ያልቃል። ስሙ በወንጀል መዝገብ አይገባም። ወንድምዎ ያኔ ከፍሎ ቢሆን ዛሬ ይህን ደብዳቤ አንነጋገርበትም ነበር። ካልተከፈለ ወደ መደበኛው ሥርዓት ይሄዳል፣ የጽሕፈት ወጪም ይጨመርበታል። ወጪው አንዳንዴ ከመቀጮው ይበልጣል። ያም ካልተከፈለ ወደ እስር ቀናት ይለወጣል።

ኪሱ ውስጥ ስለተገኘው 4 ግራም አይጨነቁ። ሕጉ እስከ 10 ግራም ካናቢስን ለራስ መጠቀሚያ የሚሆን ትንሽ መጠን ይለዋል፤ ይህን መያዝ ብቻውን አያስቀጣም። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2017 ይህን በግልጽ ወስኗል፣ በ2019 ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላሉትም ይሠራል ብሏል። በ2023 ደግሞ ይህን ያህል ትንሽ መጠን ለማጥፋት ተብሎ ሊወረስ እንደማይችል ወስኗል። ስለዚህ ትእዛዙ «ይዞ ተገኘ» ብሎ የሚቀጣው ከሆነ ተቃውሞ ለማቅረብ ጥሩ ምክንያት አላችሁ። ሲያጨስ መታየቱ ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ተናገረው ልምጣ። እኔን ያሳሰበኝ ከ4 ግራሙ ይልቅ ይህ ነው። የ100 ፍራንክ ትኬት የሚሠራው ፖሊሱ በዓይኑ ላየው ነገር ነው። «ማታ ማታ አጨሳለሁ» የሚለው ቃል ግን ፖሊሱ ያላየውን ሁሉ ያስጽፋል። «ለጓደኞቼም እሰጣለሁ» ሲባል ደግሞ ጥያቄው ወደ አንቀጽ 19 ሊያመራ ይችላል። ለአዋቂ ሰው በነጻ፣ አብሮ ለማጨስ፣ በዚያው በ10 ግራም ወሰን ውስጥ መስጠት አያስቀጣም። ገንዘብ ከተቀበለ ግን ሽያጭ ነው። «እኛ አዋጥተን ነው፣ ትርፍ የለውም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አይረዳም። የተሰጠው ሰው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ በነጻም ቢሆን ወንጀል ነው፤ እስከ 3 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። በእኛ ዘንድ ልጆቹ ከአጎት ልጆችና ከሰፈር ታናናሾች ጋር ነው የሚውሉት፤ ስለዚህ ይህን በደንብ ያስረዱት።

ለወደፊቱ ይህን ይወቅ። ፖሊስ ሲጠይቀው ስሙንና ማንነቱን ይናገር፤ ስለ ነገሩ ግን ዝም የማለት መብት አለው። ዝም ማለት ንቀት ወይም ባለጌነት አይደለም። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብትም አለው። እኛ ታላቅ ሲጠይቀን ዝም ማለት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ልጆቻችን ፖሊስ ፊት አክብሮት ለማሳየት ብለው ያልተጠየቁትን ይናገራሉ። ይህን ሳይ ልቤ ያዝናል።

ይባረራል ወይ ላሉት፣ በያዘው 4 ግራም ብቻ ከሆነ አይባረርም። ከ2016 ጥቅምት ወር ጀምሮ የወንጀል ሕጉ የግድ ከሀገር የሚያስወጡ ወንጀሎችን ዘርዝሯል። ከአደንዛዥ ዕፅ ውስጥ የገቡት ከባዶቹ ናቸው፦ በቡድን መነገድ፣ በንግድ መልክ ብዙ ማትረፍ፣ ትምህርት ቤት አካባቢ ለሕፃናት መሸጥና የመሳሰሉት። በቀላል ሽያጭ ፍርድ ቤቱ ከፈለገ ሊያስወጣ ይችላል፤ አይገደድም። በመቀጮ ብቻ በሚያልቅ ደንብ መተላለፍ ግን ማስወጣት የለም። አንድ 100 ፍራንክ ቢ ፈቃዱን አያስነጥቅም። የስደተኞች መሥሪያ ቤት ግን ተደጋጋሚ ጥፋትና ያልተከፈለ ዕዳ ሲከማች ያያል። ሲ ፈቃድ (ቋሚውን የመኖሪያ ፈቃድ) ሲጠይቅም እነዚህ ይታያሉ። ስለዚህ የሚከፈለውን ይክፈል፣ ደረሰኙንም ያስቀምጥ።

ከሁሉ በላይ የምፈራለት መንጃ ፈቃዱን ነው። እባክዎን ይህን ክፍል ለራሱ ያንብቡለት።

በስዊዘርላንድ በአልኮል በኩል ትንሽ ወሰን አለ። በካናቢስ በኩል ግን ምንም ትዕግሥት የለም። ከ2005 ጀምሮ በደም ውስጥ በአንድ ሊትር 1.5 ማይክሮግራም ቲኤችሲ ከተገኘ መንዳት እንደማይችል ይቆጠራል። ቢንገዳገድም ባይንገዳገድም፣ በደንብ ቢነዳም ለውጥ የለውም። አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ካጨሰ ከቀናት በኋላም ከዚህ ወሰን በላይ ሊሆን ይችላል። ማታ አጭሶ፣ ተኝቶ፣ ጧት በንጹሕ ጭንቅላት መሪ የሚይዝ ልጅ ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ አያስብም። ሕጉ ግን እንደ ጥፋተኛ ያየዋል። እስከ 3 ዓመት እስር ወይም የገንዘብ ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው። መንጃ ፈቃዱ ቢያንስ ለ3 ወር ይነጠቃል። በ5 ዓመት ውስጥ ከደገመው ቢያንስ 12 ወር ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የትራፊክ መሥሪያ ቤቱ ለመንዳት ብቁ መሆኑን ለማጣራት የሕክምና ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ወጪው ከራሱ ኪስ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስም ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ዕቃ አድራሽ የሆነ ሰው ይህ ከደረሰበት ሥራው ሄደ ማለት ነው። ሥራው ከሄደ ደግሞ ቢ ፈቃዱን ለማሳደስም ይቸገራል። የማባረር ፍርሃት በዚህ በኩል ነው የሚመጣው። ማታ ማታ እያጨሰ መኪና መንዳቱን መቀጠል አይችልም። ከሁለቱ አንዱን ያቁም።

ሲቢዲውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከ1 በመቶ በታች ቲኤችሲ ያለው ሄምፕ ከ2017 ገደማ ጀምሮ በኪዮስክና በሱቅ እንደ ልብ ይሸጣል። መግዛቱም ማጨሱም ለአዋቂ ሕጋዊ ነው። ነገር ግን ከ1 በመቶ በታች ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። እሱን አጭሶ የሚነዳ ሰው ደሙ ውስጥ 1.5 ማይክሮግራም ሊያልፍ ይችላል። «ሕጋዊ ነው ብለው ሸጡልኝ» ማለት ከቅጣት አያድንም። መልኩና ሽታውም ከሌላው ስለማይለይ፣ የሚገዛ ከሆነ ከነማሸጊያውና ከነደረሰኙ ይያዘው።

ስለ ፋርማሲው የሰሙት እውነት ነው። ግን ማንም ሄዶ የሚገዛበት አይደለም። ከ2021 ጀምሮ ሕጉ ሳይንሳዊ ሙከራዎችን ይፈቅዳል። በበርን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ስክሪፕት የሚባለው ጥናት በበርን፣ በቢልና በሉሰርን ባሉ ፋርማሲዎች በኩል ይሠራል። ተሳታፊው ከ18 ዓመት በላይ መሆን፣ አስቀድሞም ተጠቃሚ መሆን አለበት። ጥራቱ የተመረመረ ምርት ይሰጠዋል። ቲኤችሲው ከ20 በመቶ አይበልጥም፤ በወርም የሚወስደው ወሰን አለው። ለሌላ አሳልፎ መስጠትና ሕዝብ በሚገኝበት ቦታ ማጨስ ክልክል ነው። ሐሺሹ መንገድ ላይ ከሚሸጠው የተሻለ መሆኑን አልክድም። የማሽከርከር ሕጉ ግን ለተሳታፊዎችም ያው ነው። ለወንድምዎ ሥራ መፍትሔ አይሆንም።

ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ሊሆን ነው የሚል ወሬም አለ። በ2025 ረቂቅ ሕግ ለአስተያየት ቀርቧል። ረቂቅ ግን ገና ሕግ ሆነ ማለት አይደለም። በ2008 ሕዝቡ ተመሳሳይ ሐሳብ በድምፅ ጥሎታል። በወሬ ተማምኖ ማንም እንዳይነዳ፣ እንዳይሸጥ።

ጀርመን ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ ለአዋቂዎች 25 ግራም መያዝ ፈቅዳለች። ወደ ስዊዘርላንድ ይዞ መሻገር ግን አልተፈቀደም። ለእረፍት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድም ሻንጣው ውስጥ ምንም አይኑር፤ ኪዮስክ የተገዛው ሲቢዲም ቢሆን። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ከባድ ቅጣት አለው። በዱባይ በኩል ለሚያልፍ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። እግረ መንገዴን፣ ጫትም በስዊዘርላንድ ክልክል ነው። ሕጉ በስም የጠቀሰው 10 ግራም ለካናቢስ እንጂ ለጫት አይደለም። «የአገራችን ባህል ነው» ማለት ጉምሩክ ላይ አይሠራም።

የመጨረሻው ነገር እንቅልፉ ነው። ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉት ይህ ለእኔ ትልቁ ነው። እንቅልፍ የነሳው ልጅ ሐኪም ጋ ይሂድ። ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ማጨሱን ቢነግረው ለፖሊስ አይደውልም። ከ2022 ነሐሴ ጀምሮ ሐኪሞች አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኙት ካናቢስን እንደ መድኃኒት ያለ ልዩ ፈቃድ ማዘዝ ይችላሉ። ለእንቅልፍ ያዝለታል ብዬ ቃል አልገባም። በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ግን ደሙ ውስጥ ቲኤችሲ ስለተገኘ ብቻ መንዳት እንደማይችል አይቆጠርም፤ መንዳት መቻሉ ለብቻው ይመረመራል። ሌላ ሕክምና ካለም ሐኪሙ ይነግረዋል። ቀጠሮ ሲይዝ ዕቃ አድራሽ ሹፌር መሆኑን ይናገር፤ ቋንቋ ካስቸገረው አስተርጓሚ እንዲዘጋጅለትም አስቀድሞ ይጠይቅ።