ታይፕ የሚጠብቅህ ከበሩ ወዲህ ነው

ወንድሜ፣ «የሴንሰር ሙቀት የሚቀበለውን ፕሮግራም በኤፍ ሻርፕ ልጽፈው ነው፣ ቋንቋው የቁጥርን አሃድ በታይፕ (የዋጋውን ዓይነት በሚናገር መለያ) ይዞ ይፈትሻል፣ ከእንግዲህ የአሃድ ስህተት አያሰጋኝም አይደል?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ያሰጋሃል። እኔም እንዳንተ ልቤ ሞልቶ ነው የገባሁበት።

1. ቫሪያብሉን «ሙቀት በሴልሺየስ» ብለህ ብትሰይመው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ከመሮጡ በፊት ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ስም አያነብም። ይሄን ታውቃለህ፣ ልለፈው።

2. የኤፍ ሻርፕ አሃድ ዕድሜው ኮምፓይል እስኪደረግ ነው። ሜትርን ከሰከንድ ልደምር ስትል ይከለክልሃል፤ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ግን የሚቀረው ተራ ቁጥር ነው። በጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) የሚመጣልህ 9 ደግሞ ሲጀመርም ራቁቱን ነው፣ አሃድ የምታለብሰው አንተ ነህ፤ በሩ ይሄ ነው። እዚያ ላይ ከተሳሳትክ ኮምፓይለሩ ስህተትህን በታማኝነት ይዞልህ ይዞራል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1999 የማርስ መንኮራኩሩን ያጣውም በሁለት ፕሮግራሞች መሃል በሚተላለፍ ፋይል ነው፤ አንዱ በፓውንድ ኃይል ሰከንድ ጻፈ፣ ሌላው ኒውተን ሰከንድ ብሎ አነበበው፤ 4.45 እጥፍ!

3. አምራቹን አትመን። የእኔው የማቀዝቀዣ ክፍል መቆጣጠሪያ ነበር። ሴንሰሩ ሁለት ቁጥር ይልካል፦ የአሁኑን ሙቀትና ባለፈው አንድ ሰዓት የታየውን ለውጥ። አሃዱ ምንድን ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው። «ማኑዋሉን ያንብቡ።» ማኑዋሉ ላይ ያለው «ዲግሪ» የምትል አንዲት ቃል ናት! በመጨረሻ ሴንሰሩን በረዶ የተሞላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ 32 አለ። ፋራናይት! ያን ቀን እንደኔ ያለ ጎበዝ አልነበረም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። ለሁለቱም ቁጥር አንዱን ፋንክሽን ጠራሁ፦ 32 ቀንስ፣ በ5 አባዛ፣ ለ9 አካፍል። ለውጥ ላይ 32 አይቀነስም፤ የ9 ፋራናይት ለውጥ 5 ሴልሺየስ ነው፤ የኔ ፋንክሽን ግን −12.8 ይላል። ማንቂያው የሚጮኸው ለውጡ ከ3 ሲያልፍ ስለሆነ፣ እሱን ለማስጮህ ክፍሉ በአንድ ሰዓት ከ37 ፋራናይት በላይ መሞቅ ነበረበት። አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣው ቆመ፤ ክፍሉ ሲሞቅ ኮዴ «እየቀዘቀዘ ነው» እያለ አደረ። ጠዋት ዕቃው በሙሉ ተበላሽቶ ተገኘ፤ ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ታይፑ ምን አለ? ምንም። ሴልሺየስ ጠየቀ፣ ሴልሺየስ ሰጠሁት።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሎጉ (ፕሮግራሙ የሚጽፈው መዝገብ) ነው። ምንም ለውጥ በሌለበት ሰዓት ሁሉ −17.8 ተጽፏል፣ ለሳምንታት። እኔ ራሴ ስንቴ ከፍቼው አልፌዋለሁ።

4. ስለዚህ «ሙቀት» እና «የሙቀት ልዩነት» ሁለት የተለያዩ ታይፖች ይሁኑ። ሙቀት ከሙቀት ሲቀነስ ልዩነት ይስጥህ፣ ሙቀትና ሙቀት መደመር ግን ጭራሽ ኮምፓይል አያድርግ። የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የጊዜ ላይብረሪ፣ ክሮኖ፣ የጊዜ ነጥብንና ቆይታን የሚለየው እንዲሁ ነው፤ የረስት ቋንቋ የአሃድ ላይብረሪ፣ ዩኦኤምም፣ ሙቀትን ከልዩነቱ ነጥሎ ይይዛል። ከጥሬ ቁጥር ወደነዚህ ታይፖች መቀየር የሚፈቀድለት ደግሞ አንድ ፋይል ብቻ ይሁን። የእኔ 40 መስመር አይሞላም፤ የመጀመሪያው ቴስት ዜሮ ለውጥ አስገብቶ ዜሮ መውጣቱን ያያል። ከፈለግክ እልክልሃለሁ።