«ስልክ ሳነሳ ‹እሺ ወንድሜ› ይሉኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ነው የምሸጠው። ዕድሜዬ 26 ነው። ከጉርምስናዬ ጀምሮ ድምፄ ጎርናና ነው፤ የማያውቀኝ ደንበኛ ሲደውል «እሺ ወንድሜ» ብሎኝ ይዘጋል። ጓደኞቼ «ዝንጅብል በማር በባዶ ሆድ ጠጪ፣ ይቀጥናል» ይሉኛል። ጠጣሁ ጠጣሁ፣ ወፍ የለም። ጉሮሮዬ ምን ሆኖ ነው?
ወ. ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ምንም አልሆነም። ዝንጅብሉን ለደሴ ብርድ ከሆነ ጠጪው፣ ድምፅ ለማቅጠን ከሆነ ግን ተይው። የምትጠጪው ነገር ድምፅ የሚወጣበት ቦታ አይደርስማ! ስትውጪ ማንቁርትሽ ብድግ ይልና የአየር መንገዱ ይከደናል፣ ማሩም ከኋላ ባለው የምግብ ቧንቧ ቁልቁል ይወርዳል። ተሳስቶ ቢገባማ ትን ብሎሽ ጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ጀርባሽን ሲደልቅ ነበር የሚውለው።

ድምፁ የሚፈጠረው እዚያው ማንቁርት ውስጥ ነው። ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች አሉ፤ የድምፅ አውታር ይባላሉ፣ ከሳንባ የሚመጣው አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ። ጣትሽን ማንቁርትሽ ላይ አድርጊና «ስስስ» በዪ። ጸጥ። አሁን ደግሞ «ዝዝዝ»። ነዘረሽ አይደል? እነሱ ናቸው። የወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ አካባቢ፣ የሴት 200 ጊዜ አካባቢ ይርገበገባሉ። ይሄ እንግዲህ አማካይ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እንደ ክራር ክር ነው፣ ረዘምና ወፈር ያለው ይጎረንናል፤ ያንቺም ከብዙ ሴቶች ትንሽ ረዘም ወይም ወፈር ብለው ይሆናል፣ በቃ።

ግን ቁመትና ውፍረታቸው ብቻ አይደለም። ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው ክፍተት፣ በአዋቂ ወንድ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ በሴት አጠር ይላል፣ ያንን ንዝረት ተቀብሎ አንዳንዱን ያጎላል አንዳንዱን ያደበዝዛል። ያንቺነትሽ መልክ የሚወጣው እዚህ ነው። መንዙማ ላይ አውራጁና ተቀባዮቹ አንድ ዜማ በአንድ ከፍታ ቢሉትም ማን ማን እንደሆነ የምትለዪው ለዚህ ነው።

ስልኩን በተመለከተ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 ሄርዝ (በሰከንድ 300 ንዝረት ማለት ነው) በታች ያለውን ድምፅ አብዛኛውን ይቆርጠዋል፣ የአውታርሽ ዋና ንዝረት ደግሞ ያለው እዚያ ታች ነው። የደዋዩ ጆሮ ከቀረው ላይ ይገምታል፣ ሲገምት ይስታል። ስልክ ስታነሺ ስምሽን አስቀድሚ፣ ይገላግልሻል።

ሐኪም የሚያስፈልገው ድምፅ ሌላ ነው። ደህና የነበረ ድምፅ ድንገት ሻክሮ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በተለይ ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው፣ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ በአፍንጫ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተው አውታሮቹን ያዩዋቸዋል። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ሲሉ የሚውሉ ረዳቶች፣ አስተማሪዎችም፣ አውታራቸው ላይ እንደ መጅ ያለ ነገር ሊያወጡ ይችላሉ። አንቺም ደንበኛ ስትጠሪ ጉሮሮሽን አታስጨንቂው። ደጋግመሽ «እህ፣ እህ» እያልሽ አትጥረጊው፣ ያን ጊዜ አውታሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በርበሬ ስትሰፍሪ ደግሞ አፍና አፍንጫሽን በሻርፕ ሸፈን አድርጊ፣ ብናኙ የሚያስነሳው ሳል ከጩኸት አይተናነስም።