ፍንጭቴ እየሰፋ ነው፤ በላስቲክ ልዝጋው?

ውድ ዶክተር፣

የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ፍንጭት ነኝ። እናቴም አያቴም ፍንጭት ስለነበሩ ማንም እንደ ጉድለት አይቶብኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ስመሰገንበት ነው ያደግሁት። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ግን ክፍተቱ ሰፋ። በስተግራ በኩል ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ሌላ ተጨመረ። ስናገር ያፏጫል፣ ፎቶግራፍ ስነሳም ከንፈሬን መግጠም ጀምሬያለሁ። ጥርሴን ስቦርሽ ደም አያለሁ፤ ብሩሹ ጠንካራ ሆኖ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ዱባይ የምትሠራው እህቴ በኢንተርኔት የሚሸጡ ትንንሽ ላስቲኮች ላከችልኝ፤ የፊት ጥርሶችን አስሮ ማደር ነው። አንድ ክሊኒክ በበኩሉ ጥርሶቼን ሞርዶ ቬነር የሚባል፣ በጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ልባጥ በማልበስ ቶሎ እንደሚጨርስልኝ ነግሮኛል። የትኛው ይሻለኛል? የ8 ዓመት ልጄም የፊት ጥርሶቿ ተራርቀው ወጥተዋል፤ ከአሁኑ ላሳክማት?

ፍንጭቷ፣ ከአዳማ

ውድ ፍንጭቷ፣

ላስቲኩን ዛሬውኑ ይጣሉት። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ የታሰረበት ላስቲክ ባለበት አይቆይም፤ ቀስ በቀስ ወደ ድድ ውስጥ ይንሸራተትና ከዓይን ይሰወራል። እዚያ ሆኖ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ያስበላል። በዚህ ምክንያት ፍጹም ጤነኛ የነበሩ የፊት ጥርሶቻቸውን ያጡ ሰዎች አሉ።

ከላስቲኩ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን እርስዎ በአንድ መስመር ያለፉት ደም ነው። ጤነኛ ድድ ሲቦረሽ አይደማም። በእርግዝና ጊዜ ድድ መቆጣቱ የተለመደ ቢሆንም ከወሊድ በኋላ መብረድ ነበረበት። ደም እያለ ጥርሶች መራራቅ ከጀመሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የድድ በሽታ ነው፤ ከድድ በታች የተጋገረው ጠጠር ኢንፌክሽን ይፈጥራል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ድጋፍ ያጣውን ጥርስ ምላስና ንክሻ ወደፈለጉበት ይገፉታል። ስለዚህ ሐኪምዎ ራጅ ያንሳዎት፤ በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀትም ይለካ። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደኅና ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ተራ እጥበት ሳይሆን ከድድ በታች የሚገባ ጽዳት ያስፈልግዎታል። የደም ስኳርዎንም ይመርመሩ፤ ስኳር የድድ በሽታን ያባብሳል። በጊዜ ከተደረሰበት፣ ድዱ ሲያገግም ትንሽ ክፍተት በራሱ ሲጠብ አይቻለሁ።

ክሊኒኩ ድድዎን ሳያይ ስለ ቬነር ማውራቱ አልወደድኩለትም። ለቬነር አብዛኛውን ጊዜ የጥርሱ የላይኛው ሽፋን ይሞረዳል፤ የተሞረደው ተመልሶ አይበቅልም። ቬነሩም በየጊዜው መቀየሩ አይቀርም። ጥርሱ ገና እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ደግሞ ያን ሁሉ ከከፈሉ በኋላ ክፍተቱ ከቬነሩ ጎን እንደገና ይከፈታል።

ድዱ ከዳነ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። ጥርስ በሚመስል ሙሌት ጥርሱን ጥቂት ማስፋት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፣ መሞረድም እምብዛም አይጠይቅም። ጥቂት ዓመታት ያገለግላል፤ ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል፣ ቡና ከወደዱ ደግሞ ቀለሙ ይለወጣል። የጥርስ ሽቦ ወራትን ይፈጃል፣ የጥርስን ሥር በትንሹ ሊያሳጥር ይችላል፣ በታመመ ድድ ላይ ከታሰረም አጥንቱን ይጨርሳል። ነገር ግን የሸሸውን ጥርስ ወደ ቦታው የሚመልሰው እርሱ ነው። ፍንጭት ተመልሶ መከፈት ስለሚወድ ከጥርስዎ ጀርባ ቀጭን ማቆያ ሽቦ ለረጅም ዘመን ይኖራል። እኔ ብሆን አዲሱን ክፍተት ብቻ አዘጋ ነበር፤ ከእናትዎ የወረሱትን ምን በደለዎት?

ልጅዎን አይንኳት። በዚህ ዕድሜ መራራቁ የተለመደ ነው፤ በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ የላይኞቹ የውሻ ክራንቻዎች ሲወጡ ብዙ ጊዜ ይጠብባል። ከንፈሯን ከድዷ ጋር የሚያያዘውን ሥጋ ቆርጠን እናስተካክል የሚል ካጋጠመዎት አይፍቀዱ፤ ማስቆረጥ ቢያስፈልግ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ጥርሶቹ በሽቦ ከተገጣጠሙ በኋላ ነው።