ለስፖርት የሚሆነው ሰዓት ከማን ላይ ይወሰዳል?

ልጆች ያላችሁ ወጣቶች «ጊዜ የለኝም» ስትሉኝ አምናችኋለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤት ሰርቪስ በር ላይ ይቆማል። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ። ማታ ስትገቡ እራት፣ ልጅ ማስጠናት፣ ልብስ፣ ከዚያ እንቅልፍ። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ወገቡን ወይም ጉልበቱን ይዞ የመጣውን ሁሉ «ስፖርት ትሠራለህ?» እያልኩ ጠይቄአለሁ። ሰነፍ ሆኖ ያገኘሁት ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ «በማለዳ ተነሱ» የሚለውን ምክር አልደግምላችሁም። ሌሊቱን ሕፃን ሲያባብል ያደረን ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተህ ሩጥ ማለት ጭካኔ ነው። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ልጅ ይይዛል። ሰዓቱ የሚገኘው ባልና ሚስት ተነጋግረው ሲሰጣጡ ነው።

ባልና ሚስት አብረው ይመጣሉ። የታመመችው እሷ ናት። ስለ እንቅስቃሴ ስጠይቅ ግን ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው። «እኔ እሁድ እሁድ ኳስ እጫወታለሁ» ይላል። ጥሩ ነው፣ ደስ ይለኛል። ኳሱ 3 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ ከጓደኞች ጋር ቁርስ አለ። ከቁርሱ በኋላ ጨዋታ አለ። ቤት ሲገባ ምሳ ደርሷል። «አንቺስ?» ስላት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። «እኔማ መቼ ብዬ» ትላለች። ይህን መልስ ከብዙ እናቶች ሰምቼዋለሁ። ባሎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ያ ግማሽ ቀን ከማን ላይ እንደተወሰደ አስበውት ስለማያውቁ ነው።

እቁብ አስቡ። ሁሉም ይጥላል፣ ሁሉም በተራው ይወስዳል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚወስድበት እቁብ ይፈርሳል። ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የእሷ፣ ረቡዕና ዓርብ የእሱ ይሁን። በእሷ ቀን ልጆቹን አብልቶ የሚያጥበው እሱ ነው። አደራ፣ በዚያ ሰዓት አትደውሉላት። የልጁን ካልሲ ራሳችሁ ፈልጉት። እሷም በእሱ ቀን «በዚያው ሽንኩርት ገዝተህ ና» አትበለው። የሰጣችሁትን ሰዓት ሙሉውን ስጡ።

«የቤት ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» የሚሉኝም አሉ። እንቅስቃሴ መሆኑ እውነት ነው፣ ይቆጠራል። ነገር ግን ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብ፣ ልጅን በአንድ ጎን ታቅፎ መዋል፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ደረጃ ማውጣት፣ እነዚህ ሁሉ ያንኑ ወገብ ደጋግመው ይጫኑታል። እኔ ዘንድ የሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ እንዲህ የደከሙ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ቀጥ ብሎ፣ እጅን ባዶ አድርጎ፣ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። አራስ የሆናችሁ፣ በተለይ በቀዶ ጥገና የወለዳችሁ፣ መቼና በምን መጀመር እንዳለባችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ምን ያህል ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ነው። ድሮ አንዱ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልሞላ አይቆጠርም ይባል ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ መራመድ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በደረጃ መውጣት፣ ሁሉም ይደመራል።

ከዚህ ሌላ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ ጂም መክፈል ግዴታ አይደለም። የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስደግፉና ቁጭ በሉ። እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩና ሳትደገፉ ተነሱ። ስትቀመጡ ዘፍ አትበሉ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ዋናው ሥራ ያለው አወራረዱ ላይ ነው። አሥር ጊዜ ሠርታችሁ ትንሽ አርፋችሁ ድገሙት። ከዚያ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ። ወጡ እስኪበስል ያልቃል።

ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው፣ እነሱም ያስፈልጋቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። ጋሪ የሚገፋ ወላጅ የሚሄድበት አግኝቷል። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ልጅ አስቀድሞ መውጣት ለእግርም ለልብም ጥሩ ነው። እንጦጦ ከመሀል ከተማው ከፍ ስለሚል ትንፋሽ ያጥራል፣ በዝግታ ጀምሩ።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣች። ከዚያ ወለደች። በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ወርቅ እንደገና ወሰደች። ሁሉም ድሏን ያነሳል፣ ይገባታልም። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ልምምድ ላይ ሳለች ልጅ ስለሚይዝላት ሰው ነው። እንኳን ለወርቅ፣ ለግማሽ ሰዓት ሶምሶማም ያ ሰው ያስፈልጋል። ብቻችሁን የምታሳድጉ ደግሞ እህት ወይም ልጅ ያላት ጎረቤት ፈልጉና ተራ ግቡ።

ለቅሶ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ ልጅ ያተኩሰዋል። ሳምንቱ ይበላሻል። ያመለጠውን ሁሉ እሁድ ላይ ለማካካስ አትሩጡ፣ ብዙ ጉዳት የማየው ሰኞ ጠዋት ነው። አዲሱን ሳምንት ተራው ካመለጠው ሰው ጀምሩ።